እሳቸው እንዳይሰሙ

ምስክር ሞቷል። እናቴ አታውቅም።

ምስክር ታናሽ ወንድሜ ነው። ሪያድ ነበር። ሲሄድ ስሙን አዩብ አስብሎ ነው የሄደው፤ ከዚህ አገር የሚሄደው ክርስቲያን ብዙው እንዲያ ያደርጋል። አብሮት የሚኖረው ልጅ ደውሎ አዩብ አረፈ ሲለኝ፣ ተሳስተሃል፣ አዩብ የሚባል ሰው የለኝም ብዬ ልዘጋበት ነበር። «ወንድምሽ» አለኝ። ከዛ ገባኝ። እዛው ቀብረውታል።

አጎቴ ውበቱ የአባቴ ታላቅ ነው፤ ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ ወሰነ። ፋሲካ ይለፍ። እናቴ ጾም ላይ ናት፣ ደም ግፊት አለባት፣ አሁን መርዶ ከተነገራት ትወድቃለች። ሁሉም ልክ ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ።

የምሠራው መካነ ሰላም፣ መድኃኒት ቤት ነው። ይሄን የምጽፈው ሰው ሳይገባ ባለው ክፍተት ነው። ሰው ሲገባ አቆማለሁ።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። «እሱ ደወለ?» ትለኛለች። ኔትወርክ የለም እላለሁ። ደህና ነው አይደል ትላለች። ደህና ነው እላለሁ። እንዲህ ስል አፌ አይደናቀፍም። ልምድ ነው። ያደግኩት በዚህ ነው።

አባቴ ዋለ ይባል ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፤ የራሳችን ስንዴ ሳይደርስ ይመለሳል። አንድ ዓመት ስንዴው ደረሰ፣ እሱ አልመጣም። እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ምስክር በእናቴ ጀርባ ላይ ነበር።

እናቴ የትምወርቅ የአባቴን ስም ጠርታ አታውቅም። በኛ አገር ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። «እሱ» ነው። እሱ ሲመጣ ጣራው ይከደናል። እሱ ጎመን አይወድም። ይሄን ዶሮ እሱ ነው የገዛው። ሌላው ወንድ ሁሉ ስም ነበረው፤ እሱ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰዎች «እሱ ያውቃል» ብለው ወደ ሰማይ ሲያዩ እንኳን እኔ አባቴ ብዙ ነገር ያውቃል ብዬ እኮራ ነበር።

ሁለት ሰዎች ከመተማ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ቤት አልገቡም። እናቴንና አጎቴን ከአውድማው ጀርባ ወሰዷቸው። እኔ ጭዱ ውስጥ ነበርኩ፤ ዶሮዋ እዛ ነበር የምትጥለው፣ እንቁላል ፍለጋ ገብቼ ነው። ጭዱ ይሞቃል፣ አንገት ይበላል። የሚሉት ግማሹ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ወባ ሲሉ ሰማሁ። ወባ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሰው ስም መሰለኝ። ከዛ እናቴ አንድ ድምፅ አወጣች፣ አጎቴ አፏን ያዘ። በመዳፉ። ሲጫወቱ መሰለኝ።

«እሳቸው እንዳይሰሙ» አለ አጎቴ። «እሳቸው ከሰሙ ሁለት ሰው ነው የምንቀብር።»

ሰዎቹ ሄዱ። እናቴ ማጭዷን አንስታ ስንዴ ልታጭድ ወረደች። እስኪመሽ አልተመለሰችም። ምስክር እያለቀሰ ውሎ አያቴ ጀርባ ላይ ተኛ።

እኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ማን ናቸው?

አያቴ አልነበረችም። አያቴን እኔ አንቺ ነው የምላት። እማሆይ አልታዬ ትባላለች፤ መንኩሳ ቆብ ደፍታ እንኳን ለኔ አንቺ ነበረች። አልጋዋ ላይ አብሬያት እተኛለሁ፣ ጥርስ ስለሌላት ቆሎ እኔ ነኝ አኝኬ የምሰጣት። እንዲህ ያለ ሰው እሳቸው አይሆንም። እሳቸው ትልቅ ሰው መሆን አለበት። የሚፈራ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ትዝ አለኝ። በላይ ይባላል። ሲመጣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል። ፊቱ እርስዎ ይሉታል፣ ዞር ሲል አንተ ነው። ባርኔጣ አለው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፦ አባቴ ተደብቆ ሊመጣ ነው፣ ሊቀመንበሩ እንዳይሰማ ነው። ለምን እንደሚደበቅ አላሳሰበኝም። አባት ሲመጣ ጫማ ያመጣል።

ሰው መጣ።

ሳል ያለባት ሴትዮ ናት። ልጇን ይዛ ነው የመጣችው። መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ቅሬው፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ በሙሉ። ቄሱም፣ ሁዳም ያውቁ ነበር፤ ሁዳ ጎረቤታችን ናት፣ እስላም፤ ሁለቱም እምነት በአንድ ቅሬ ነው የሚቀበረው። አንድ ሰው ብቻ አልተነገራትም፣ አያቴ። ልቧ ደካማ ነው ተባለ። ዋለ የመጨረሻ ልጇ ነው፣ ከሰማች ታልቃለች ተባለ። እኔ በቁጥር አልገባሁም። ልጅ ምን ያውቃል።

በመጀመሪያ መከሩ ይግባ ነበር የተባለው። መርዶ ሲነገር አገር ይመጣል፣ የሚበላ ያስፈልጋል። መከሩ ገባ። ከዛ አያቴ ታመመች፣ ይሻላት ተባለ። ተሻላት። ከዛ ጾም ሆነ። ከዛ ክረምት መጣ፣ በጭቃ ለቀስተኛ አይንገላታ ተባለ። የቆየ መርዶ ደግሞ ከቀን ቀን ይከብዳል። እስካሁን የት ነበራችሁ ብላ ብትጠይቅ የሚመልስ ሰው ጠፋ። ያንን ጥያቄ ነው የፈሩት፣ የአያቴን ልብ አይደለም። ይሄ ዛሬ ነው የገባኝ።

ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ቤታችን መጣ። የባቄላ እሸት በኩታው ጫፍ ቋጥሮ። እናቴ ተነሳች፣ እሱ ተቀመጪ አላት። አያቴ ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ሰውዬው እሸቱን አስቀመጠ። ከዛ ለእናቴ ቀስ ብሎ «አብሽሪ» አላት። «እንግዲህ አብሽሪ እንጂ።»

«ምን ሆና ነው አብሽሪ የምትላት?» አለች አያቴ ከጥግ።

«መከሩ አድክሟታል ብዬ ነው እማሆይ።»

«ባሏ ሲመጣ ያግዛታል።»

እንዝርቱ ብቻ ይሽከረከራል። እኔ ነገሩ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ተነስቼ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ።

«አባቴ አልመጣም» አልኩት። «አይመጣምም።»

አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዓይኑ ቀላ። እግዜር ያሳድግሽ ብሎኝ ወጣ። አሸነፍኩት ብዬ በጣም ደስ አለኝ። ወደ እናቴ ዞሬ ልስቅላት ስል እሷ ጓዳ ገብታለች።

እናቴ በዛ ጊዜ ፀጉሯን መላጨት ነበረባት። ጥቁር መልበስ ነበረባት። አልቻለችም። እንዲያውም አያቴ ፀጉሯን ትይዝላት ነበር። ከበዓል በፊት እናቴን እግሮቿ መሀል ታስቀምጥና ቅቤ ቀብታ ሹሩባ ትሠራታለች። ባል ያላት ሴት እንዲህ አትንጨባረርም ትላታለች። እሱ መጥቶ እንዲህ ሆነሽ ቢያይሽ እኔን ነው የሚቆጣኝ ትላለች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሠራለች። አንዴ እጄን ጭኗ ላይ አድርጌ ነበር፣ መዳፌ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ቅቤው ቀልጦ መሰለኝ። ላስኩት። ጨው ነበር።

እንዴት ታምረኝ ነበር እናቴ። ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤ ቅቤ ሸታ፣ ነጭ ለብሳ። ሊመጣ ነው፣ ለሱ ነው የምታምረው እላለሁ።

ከዛ ለቅሶ ወዳድ ሆነች። ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ትሄዳለች። የምታውቀውም የማታውቀውም ጋ፤ ገደሉን ወርዳ ማዶ ድረስ። ምስክርን አዝላ፣ እኔን አስከትላ። የሟችን ስም እንኳን መንገድ ላይ ነው የምትጠይቀው። እዛ ስትደርስ ነጠላዋን አገልድማ ሴቶቹ መሀል ትገባለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ከሟች እህት በላይ ታለቅሳለች። ሴቶች ሲያወሩ እሰማለሁ፤ የትሜ ሆዷ ቡቡ ነው ይላሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። እኔ እናቴ በማልቀስ አንደኛ ናት ብዬ ልጆች ላይ እኩራራለሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ ቀለል ትላለች። ዘፈን ባታንጎራጉርም እጄን ይዛ ታወዛውዘዋለች። ለቅሶ ቤት መሄድ ያን ያህል እወድ ነበር።

የራሷን ነበር የምታለቅሰው። በየሰው ድንኳን እየገባች፣ ጥቂት በጥቂት።

ማስታገሻ ፈልጎ ሰው መጣ። ያለ ማዘዣ አይሰጥም አልኩት፣ ተቆጣ፣ ሄደ።

እትዬ ፈንታዬ የሞተች ጊዜ ነው ያበቃው። ፈንታዬ የኛው ጎረቤት ነበረች፣ አርጅታ፣ አልጋዋ ላይ፣ ልጆቿ ከበዋት ነው የሞተችው። ንስሐ አባቷ ራስጌዋ ነበሩ። ውሃ ቢሏት ጠጥታለች። ጥሩ ሞት ነው አለ ሰው ሁሉ። ጥቅምት ነበር፣ ፀሐዩ ደርሶ፣ ሜዳው ላይ አደይ ገና አልረገፈም። አያቴም መጣች። እሷ ለቅሶ ብዙ አትወጣም፣ ግን ፈንታዬ እኩያዋ ናት። ግድግዳው ጥግ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት፣ መቋሚያዋን አገጯ ስር አድርጋ።

ሴቶቹ ክብ ሠሩ። ሙሾ የምታወጣው ሸዋረግ ናት፤ በአገሩ እንደሷ የሚያስለቅስ የለም። ሸዋረግ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ስለ ፈንታዬ ጠላ፣ ስለ ፈንታዬ ደግነት፣ ስለ ልጆቿ ብዛት። ከዛ በወጉ እየተቀባበሉ ሌላዋም ሌላዋም ይላሉ። እናቴ ጋ ደረሰ። እናቴ እንዲህ አለች፦

*ውሃ ማን ሰጠው ወይ ከንፈሩ ሲደርቅ፣*
*ቆላ ወድቆ ቀርቶ ከናቱ ቤት ሲርቅ።*

አፈርኩ። እናቴ ተሳሳተች ብዬ። ፈንታዬ ሴት ናት፣ ቆላ ወርዳ አታውቅም፣ ውሃም ተሰጥቷታል። ልጆቹ ሰምተው እንደሆነ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የተቀበለ ሰው የለም። ክቡ ቆመ። የሴቶቹ እጅ ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

ሸዋረግ ፈጣን ናት። ወዲያው ገባችበት፦

*ፈንታ እናት ነበረች ለቀረ ለራቀ፣*
*ዛሬ ማን ይጠይቅ የሰው ልጅ ከወደቀ።*

ሴቶቹ ተንፍሰው ተቀበሏት። እኔም ተነፈስኩ። ለካ ፈንታዬ ስለምትጠይቀው መንገደኛ ነው። ሸዋረግ የእናቴን «እሱ» አንስታ ባለቤት ሰጠችው። ሁሉም ሊረሳው ነበር።

አያቴ ግን ተነሳች።

ማንም አላስነሳትም። መቋሚያዋን እየተከለች ክቡ ውስጥ ገባች፣ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። እናቴ ፊት ቆመች። አጎቴ ከወንዶቹ በኩል እየሮጠ መጣ። ፀሐይ ነው እማሆይ፣ ጥላ እንግባ አላት፣ ክንዷን ያዘ።

«አንተን አልጠራሁም» አለችው። ክንዷን ነጠቀችው። ከዛ ለእናቴ፦ «የማንን ነው የምታለቅሺው የትሜ?»

እናቴ አጎቴን አየችው። ሸዋረግን አየቻት። ማንም አልረዳትም።

«የርስዎን» አለች።

ይሄኔ እኔ አያቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። እርስዎ ሲሏት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ግን ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው። ሊቀመንበሩ ከዳር ቆሟል፣ ባርኔጣው በእጁ። ማንም እሱን አያይም።

አያቴ አልወደቀችም። መቋሚያዋን መሬት ጣለች። በሁለት እጇ የእናቴን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ገፈፈች፣ አዘቀዘቀችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መልሳ አለበሰቻት። ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ቸኩላ አልነበረም፤ ጫፉን ሁሉ አስተካከለች። ሹሩባዋን ደግሞ ከጀርባ ጀመረችና በጣቷ መፍታት ያዘች። ያን ራሷ የሠራችውን።

«መቼ ነው?» አለች።

እናቴ ነገረቻት።

አያቴ ወደ ሰዉ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጄን አልቃሽ ሳይኖረው እንዲህ አስተኛችሁት? እሺ እኔስ አሮጊት ነኝ። ይቺ ልጅ ምን አድርጋችሁ ነው?»

ከዛ ስሙን ጠራች። ዋለ አለች። ደግማ፣ ወደ ቆላው ዞራ፣ በገደሉ አፋፍ በኩል። ዋለ። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠችና እሷም ጠራች። እናቴ ዋለ ስትል የሰማሁት ያኔ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ጠሩት። ሜዳው ሙሉ ዋለ ሆነ።

እኔ መጣ ብዬ ሮጥኩ። ሌላ ምን ልበል። ይሄ ሁሉ ሰው በአንዴ የሚጠራው መጥቶ ነው እንጂ። የአጥሩ በር ጋ ደርሼ የቆላውን መንገድ አየሁ። ባዶ ነው። ዝቅ ብሎ ይሆናል ብዬ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ከኋላዬ ሰው መጣ፣ ሊቀመንበሩ ነው። ሸሸሁት። አልያዘኝም። አጥሩን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«አባትሽ ሞቷል ልጄ» አለኝ። «ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ።»

ውሸታም አልኩት። እሺ አለኝ። እዛው ከኔ ጋ ቁጭ ብሎ ቆየ። ጥቂት ቆይቼ አመንኩት።

አያቴ አልሞተችም። መጻፍ የፈለግኩት ይሄን ነው። በማግስቱ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን፣ አያቴ ሦስቱን ቀን መሬት ተቀምጣ አለቀሰች፣ ከዛ ተነስታ ጥጧን ያዘች። ተዝካሩን ራሷ ደገሰች። እኔ ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ኖረች። በልብ ሕመም አይደለም የሞተችው፣ በእርጅና ነው። ከአጎቴ ጋር ግን እስክትሞት አንድ ማዕድ አልቀረበችም።

ካደግኩ በኋላ እናቴን አንዴ ጠይቄያታለሁ። ከዛ ሁሉ ምኑ ነው የከበደሽ አልኳት። ፀጉሯ ይመስለኝ ነበር። ነጭ መልበሷ ይመስለኝ ነበር።

«ይመጣል ማለቱ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

አጎቴ አሁን ደወለ።

ድምፁ ደክሟል። እሱም አርጅቷል። ፋሲካ እንዲያው ሁካታ ነው፣ ቤተሰቡም ተሟልቶ አይገኝም፣ ከዛ ደግሞ የሊድያ ሠርግ አለ አለኝ። ሊድያ የመጨረሻ ልጁ ናት። ካርድ ተበትኗል፣ ሰው ተጠርቷል። ሠርጉ ይለፍና በማግስቱ እናረዳታለን ይላል።

«አያ ውበቱ፣ ይሄን ነገር እርስዎ ያውቁታል» አልኩት።

«ለሷው ብለን ነው።»

«ለአያቴም ለሷው ብላችሁ ነበር።»



«እሳቸው ጠንካራ ነበሩ» አለ። «እናትሽ አትችለውም።»

እሺ አልኩት። ምን እሺ እንዳልኩት አላውቅም። ዘጋሁ። ወዲያው ደግሞ ጮኸ፣ እናቴ ናት። አላነሳሁትም።

መድኃኒት ቤቱን ለባልደረባዬ ትቼ ወጣሁ፤ ቀሪውን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ቀትር ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ። ባጃጅ ያዝኩ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«በዚህ ሰዓት? እሱ ደወለ እንዴ?»

«ምስክር ሞቷል እማዬ» አልኳት።

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አነሳሁት። መሬት አስቀመጥኩትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።